የናሙና ክፍል

ሻንጣዬን የፈተሸ ሸሚዝ አያገኝም፤
ቁራጭ እብነ በረድ፣ የወንበር ቆዳ፣ ሦስት ዓይነት ግራጫ ቀለም፣
ከጀርባቸው ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም።

በሩ ላይ የሚሰቀለው ስም ኪራይ ነው፣ ከባሕር ማዶ፤
ከስሙ ጋር መጽሐፍ መጣ፣ አራት መቶ ገጽ፣ እንደ ብሎኬት ከብዶ።
የራስጌው ከፍታ ይህን ያህል፣ ይላል፤
የመብራቱ ቢጫነት ይህን ያህል፣ ይላል፤
መጋረጃው ሲሳብ ቀኑ ሌት ይመስላል።
እንግዳው ዓይኑን ሲገልጥ
የት እንዳለ እንዳያውቅ ነው ነገሩ፤
ኮምቦልቻ ይሁን ኳላላምፑር፣ ከአልጋው እስከ በሩ።
ገጽ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ "የአካባቢው መልክ" የሚል ርዕስ አለ፤
አንድ ሥዕል፣ አንድ ሰፌድ፤
የሚገዙትም ከሻርጃ፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ነው፣ እያለ።

መቶ ሃያ ስድስት ክፍል። የራስጌ መብራት ብቻ ሁለት መቶ አምሳ ሁለት።
አልጋው ከፎሻን፣ የበር እጀታው ከኢዝሚር፤ ስጠይቅ "መንገድ ላይ ናት"
ይሉኛል፣ እንደ ሙሽራ፤
ባንክ ቤት ስደውል፣ ዶላሩ ገና አልደረሰውም ተራ።
ከደረቅ ወደቡ አጥር ሥር ኮንቴይነር ስቆጥር ዋልኩ፤
የኔ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ሁሉ የሰው ሆነና ተመለስኩ።

ባለቤቱ አቶ አበጋዝ፣ ብድሩ እንቅልፍ የነሳቸው ሌቱን ሁሉ፣
"ማክሰኞ መርማሪው ይመጣል፤ ምን ላይ ይቀመጥ? ሲሚንቶ ላይ?" አሉ።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ፣ ጆሮዬ እስኪደፈን፤
ደሴ ስደርስ ጉሙ ጀምሯል፣ ጦሳን ከአንገቱ ሲሸፍን።
ሳላይሽ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሙሄ ጦይብ ይሠራል፤
መላጊያው ሲሄድ ይናገራል፣ ሲመለስ ዝም ይላል።
ፎቶውን ከነልኩ ሰጠሁት፤ ወደ ብርሃን ይዞ አየና፣
"አንች ዘምዘም፣ ይኸን የሣለው ሰው ተቀምጦበት አያውቅምና
ጀርባው እንደ ሰነፍ ተማሪ ተንጋዷል። ላስተካክለው?"
"እንዳትነካው!" አልኩት። "እንዳለ። አንድ ሚሊ ሳይጎድለው።"

እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ በር፤
ከጠርዙ የቁልፍ ቀዳዳ ነበረው፤ በዚያው በዋንዛ ሽብልቅ ደፈነው፣ አይታይም፣
ጣት ካልሄደበት በቀር።
ሦስት ሌሊት። ሙጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት፤
መብራት ሲመጣ በማሽን፣ ሲጠፋ በእጅ፣ ልጁ ስልኳን አብርታለት።
ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጠራ፤ አፈርኩ። ደረሰኝ ግን የለውም፤
ሦስት ፕሮፎርማ ያልቀረበበት ዕቃ ደግሞ ሒሳብ ክፍልን አያልፍም።
ከኪሴ ከፈልኩ።

ማክሰኞ መርማሪው መጣ። የብረት ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ጓንት።
ግድግዳውን ዳበሰ፤ ሴራሚኩን አንኳኳ፤ ጠመዘዘ የቧንቧውን አንገት።
ወንበሩን ለካ። ደግሞ ለካ።
አራት ሚሊ ነው፤ ጀርባው ከሥዕሉ ይልቅ ቀና።
ሙሄ ነክቶታል። እጁ አላስቻለውምና።

"ውድቅ" ብሎ ለመጻፍ ጠረጴዛ ፈለገ፤ እሱም ገና ባሕር ላይ ነው፤
ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እዚያው ወንበር ላይ ጻፈው፤
አርባ ሁለት ነጥብ። ቀስ እያለ። በመሃል ጫማውን አወለቀ፤
ከቦርከና ማዶ የፋብሪካው ፉጨት ተሰማ፣ ፈረቃው አለቀ።
ከአውሮፕላን ሲወርድ ወገቡን ደግፎ ነበር በእጁ፤
ሲነሳ ረስቶታል። ለዚህ ግን መስመር የለም በቅጹ።

በጳጉሜን ኮንቴይነሩ ተከፈተ፤ መቶ ሃያ ስድስት የተንጋደደ ወንበር።
የሙሄን ዘበኛው ጋሽ አራጋው ወሰዱት፣ ከዋናው በር፣ ከጃንጥላው ሥር።
ማታ ስወጣ ተነስተው "ቁጭ በይ" ይሉኛል፤
እቀመጣለሁ። በላዬ ያ ስም ይበራል።
በሮቹ ሁሉ በካርድ ነው የሚከፈቱ፤
ጣቴ ግን ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል፣ ያን ቀዳዳ ፍለጋ፣ ከጥንቱ።

ትናንት ሙሄ ደወለ። "ወንበሩን ወደዱት?"
"ይቀመጡበታል" አልኩት።